መጨረሻ ላይ የሚሰካው ሽቦ

መሰላሉን ከመዘርጋትሽ በፊት ሰማዩን እዪ። እንጦጦ ጠቁሮ ከሆነ ዛሬ ከውጭ በሚመጣ ሽቦ ላይ እጅሽ አያርፍም። የሱቁ ባለቤት ሐጂ «ደመና ብቻ እኮ ነው፣ መች ዘነበ» ቢሉሽም አያርፍም። የስልክ መዳብ በየመንገዱ፣ በየምሰሶውና በየጉድጓዱ ዞሮ ነው ሱቃቸው የሚደርሰው። መርካቶ ፀሐይ ሆኖ ኮልፌ ላይ መብረቅ ቢወርድ ሽቦው ተሸክሞት ሊመጣ ይችላል። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሪ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ነጎድጓዱ 30 ሳትቆጥሪ ከመጣ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፣ ሥራውም እዚያው ላይ ይቆማል። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማሽ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ክረምት ላይ ቀጠሮሽን ሁሉ ጠዋት አድርጊው፤ የአዲስ አበባ ሰማይ ብዙውን ጊዜ የሚያጉረመርመው ከሰዓት ነው። ደንበኛው ከስምንት ሰዓት በኋላ ካልሆነ አይመቸኝም ካለሽ ለሚቀጥለው ቀን ጠዋት ቅጠሪው።

ደርሰሻል? እሺ፣ ቦርሳውን አስቀምጪና ቀለበቱን አውልቂ። ሐብሉንም። ጸጉርሽን ወደ ኋላ እሰሪው። አሁን የምነግርሽን ቅደም ተከተል ደጋግመሽ በቃልሽ ያዢው፤ ሌላው ቢጠፋብሽ ከሞደሙ መመሪያ መጽሐፍ ታገኚዋለሽ። ሞደሙን ስትገጥሚ መጀመሪያ የሚታሰረው ኧርዙ፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ ነው። ቀጥሎ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ኬብል፣ ከዚያ የመብራቱ ስፒና፣ ከውጭ የሚመጣው የስልክ መስመር ደግሞ የሁሉም መጨረሻ። ስትነቅይ ተገላቢጦሽ ነው፦ መስመሩ ይቅደም፣ ኧርዙ የመጨረሻ ይሁን። የሞደሙን ክዳን መክፈት ካለብሽ መስመሩም መብራቱም ሁለቱም መነቀል አለባቸው። ብዙ ልጆች መብራቱን ነቅለው ዕቃው የሞተ ይመስላቸዋል፤ ከውጭ የመጣው መስመር ግን ኤሌክትሪኩን ከሌላ ቤት ነው ይዞ የሚመጣው፣ የሐጂ ብሬከር አያዘውም።

የስልክ መስመር ምን አለው የሚል ሰው ይመጣብሻል። ተራ የስልክ መስመር ማንም ሳያወራበት 48 ቮልት ያህል ይቆምበታል፤ ሲጠራ ደግሞ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይላክበታል። እጅሽ ላብ ካለው ወይም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከቆምሽ ያንቀጠቅጥሻል፤ መሰላል ላይ ከሆንሽ ደግሞ ንዝረቱ ባይጎዳሽ መውደቁ ይጎዳሻል። አንቺ የምትገጥሚው ቤዝባንድ ሞደም ድምፅ ከማያልፍበት፣ ቅርንጫፍን ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሚያገናኝ ዳታ ብቻ ከተከራየ መስመር ጋር ስለሚገናኝ ብዙ ጊዜ ደወል የለበትም። ይህ ግን እንዳያዘናጋሽ። ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ርቆ መሀል ላይ ምልክቱን የሚያድስ ሪፒተር ከተቀመጠ፣ ሪፒተሩ መብራቱን የሚያገኘው በዚያው በመዳቡ በኩል ነው፤ ያ ደግሞ ከ100 ቮልት ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ የተላጠ ሽቦ በእጅ አይነካም፤ መጀመሪያ ይለካል። በብርሃን የሚናገረው ቴስተር ካቻቢቴ ለዚህ አይበቃም፣ መልቲሜትሩን አውጪው። መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ላይ መሥራቱን አረጋግጪ፣ ከዚያ መስመሩን ለኪ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ሶኬቱን ለኪ። መሀል ላይ ባትሪው አልቆ ዜሮ እያሳየሽ ሊሆን ይችላላ! መስመሩን ስትለኪ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርሳቸው፣ ከዚያም እያንዳንዳቸውን ከኧርዝ ጋር፤ በቀጥታውም በተለዋዋጩም ለኪያቸው። ከሽቦው ወደ ኧርዝ 220 ወይም ወደዚያ የቀረበ ቁጥር ካየሽ ወደ ኋላ በይ። የሆነ ቦታ የመብራት መስመር ከስልኩ ጋር ተላልጦ ተነካክቷል ማለት ነው። በፒንሳ ልለየው አትበይ፤ ሰው እንዳይጠጋ አድርጊና ወደ መብራት ኃይል 905፣ ወደ ቴሌ 994 ደውዪ።

መርካቶ ላይ ይህ ተረት አይደለም። ቀና በይና ከሱቆቹ በላይ ያለውን እዪው፦ የመብራት ገመድ፣ የስልክ ሽቦ፣ የዲሽ ኬብል፣ የካሜራ ኬብል፣ ባለቤቱ የማይታወቅ የተቆረጠ ሽቦ፣ ሁሉም በአንድ ሲባጎ ታስሮ የቆርቆሮውን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ቆርቆሮው ደግሞ የገመዱን ልባስ ዓመት ከዓመት እየፈገፈገ ይበላዋል። ያንቺን አዲስ ኬብል እዚያ እሥር ውስጥ አትጨምሪው። ትንሽ ቢረዝምብሽም፣ ገንዘቡ ቢጨምርም፣ በራሱ ቱቦ ከመብራቱ ራቅ አድርገሽ በግድግዳ በኩል አምጪው። ከመብራት ገመድ ጋር መሻገር ግድ ከሆነበት ቦታ በመስቀል ይሻገር፣ ጎን ለጎን አይሂድ። ይህ ለደህንነት ብቻ አይደለም፤ ጎን ለጎን ሲሄድ የመብራቱ ረብሻ ወደ ዳታው ይገባል፣ ከዚያ «ኔትወርኩ ማታ ማታ ይደክማል» የሚል ስልክ ሲደወልልሽ ታድሪያለሽ።

የአሉሚኒየም መሰላል ለዚህ ሰፈር አልወድም፤ የእንጨት ወይም የፋይበር ግላስ ይዘሽ ሂጂ። ሥሩን የሚይዝልሽ ሰው ሳይኖር አትውጪ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ስልኩን እያየ በአንድ እጁ ቢይዝልሽ ይዞታል አይባልም። ተሸካሚ ከጭንቅላቱ በላይ የተቆለለ ጭነት ይዞ ሲመጣ መሬቱን እንጂ መሰላልሽን አያይም፣ መቆምም አይችልም። ገበያው ሳይሞቅ በጠዋት ግቢ፤ አርብ ከሆነ ደግሞ አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሲሰገድ ሱቁ ስለሚቀዘቅዝ የውስጡን ሥራ ለዚያ ሰዓት አቆዪው። የቴሌውን ማከፋፈያ ሳጥን ግን፣ ተከፍቶም ብታገኚው፣ አትንኪ። ያንቺ ሥራ የሚጀምረው መስመሩ ቤት ከገባበት ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ኧርዙ፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አብዛኞቹ አሮጌ ሱቆች ሶኬታቸው የኧርዝ ቦታ ቢኖረውም ከኋላው የተያያዘ ሽቦ የለም። ለማስመሰል የተቀመጠ ነው። ካቻቢቴ ይዘሽ ከመፍታትሽ በፊት ብሬከሩን አስጠፊ፣ በመልቲሜትር አረጋግጪ፣ ከዚያ ከፍተሽ እዪው፤ ወይም የሕንጻውን ኤሌክትሪሺያን ጥሪው። ብረት ቀፎ ያለው ሞደም ባለ ሦስት ጫፉን ገመድ ይዞ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ውስጡ ያለ ሽቦ ላልቶ ቀፎውን ቢነካ፣ ኧርዝ ካለ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ኧርዝ ከሌለ ቀፎው 220 ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ የሚነካው ሰው እስኪመጣ። ባለ ሦስት ጫፉን ወደ ሁለት የሚቀይረውን ርካሽ ማገናኛ በየመንገዱ ይሸጡታል። አትግዢው፤ ደንበኛው ገዝቶ ካቀረበልሽም አትጠቀሚበት። የውሃ ቱቦ ላይ ልሰረው የሚልሽም አይጠፋም፤ የዛሬ ቱቦ ፕላስቲክ ነው፣ ምንም አይወስድልሽም። ከኒውትራሉ ጋር ላያይዘው የሚልሽ ደግሞ ቀፎውን ሆን ብሎ ገዳይ ሊያደርገው ነው።

ሌላም አለ፣ ብዙ ባለሙያ የሚስተው። መስመሩ ላይ የመብረቅ መከላከያ ስታስገቢ፣ የመከላከያው ኧርዝና የመብራቱ ኧርዝ አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሕንጻው ፊት፣ ሌላው ከጓሮ ለብቻው የተቀበረ ብረት ላይ ከታሰረ፣ መብረቅ አጠገብ ሲወርድ በሁለቱ ብረቶች መካከል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ደራሽ ውሃ በሁለት ቦዮች መካከል የቀረውን ስስ ግድብ እንደሚጥሰው፣ ያ ልዩነትም በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ጥሶ ያልፋል፤ መካከላቸው ያለው ደግሞ ያንቺ ሞደም ነው። መከላከያ የተገጠመለት ሞደም ተቃጥሎ «መከላከያው ፎርጅድ ነው» ሲባል ስትሰሚ መጀመሪያ ኧርዙ የት እንደታሰረ ጠይቂ። ከመከላከያው ወደ ኧርዝ የሚሄደው ሽቦም አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ የተረፈውን ጠቅልለሽ አታንጠልጥዪው። የመዳብ ጥቅል ለፈጣን ጅረት መንገድ ይዘጋበታል።

ከግድግዳው እስከ ሞደሙ ያለው የስልክ ገመድ ቀጭኑንና ርካሹን አትምረጪ። ውስጡ ያለው መዳብ ውፍረቱ ከ0.4 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የዓለም አምራቾች በየመጽሐፋቸው የሚጽፉት ይህ ልክ ለፍጥነት ብቻ አይደለም፦ የመብራት መስመር ከስልኩ ጋር ተነካክቶ ከባድ ጅረት ቢመጣ፣ መከላከያው እስኪሠራ ድረስ ገመዱ ራሱ ግሎ እሳት እንዳይሆን ነው።

የመብራቱ ነገር ደግሞ። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ሞደም ገዝተው «ቻርጀሩን ከዚህ ፈልጊለት» ሲሉሽ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። 12 ቮልት የሚለውን በ9 ብትሰጪው ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል፤ 9 የሚለውን በ12 ብትሰጪው ጠረኑ ይነግርሻል። አምፒሩ ከተጻፈው ቢበልጥ ግድ የለም፣ ቢያንስ ግን ቻርጀሩ ይግላል። መሀሉ ፖዘቲቭ መሆኑን የሚያሳየውን ትንሽ ሥዕልም እዪ። አንዳንዱ ቤዝባንድ ሞደም በ220 ሳይሆን በ48 ቮልት ቀጥታ የሚሠራ ነው፤ ከቴሌ ጣቢያ ወይም ከባንክ ማሽን ክፍል የወጣ ዕቃ ነውና ከሶኬት ጋር አታገናኚው። ፊውዙ ከተቃጠለ በዚያው ዓይነትና በዚያው መጠን ብቻ ይተካ። የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልለው የሚተኩ አሉ፤ እንዲህ ያለ ሞደም ካገኘሽ አትጠግኚው፣ መልሺላቸው። አዲስ ለሚገዙት ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለገበያ የፈቀደው ዓይነት መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፤ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ ዕቃዎችን የሚፈትሸው ለዚህ ነው።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ሰክተው፣ እዚያው ላይ የሻይ ማፍያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ስፌት ማሽን፣ ከዚያ «ሞደሙንም እዚሁ ስኪው» ይሉሻል። እምቢ በይ። ለሞደሙ ከግድግዳ የራሱ ሶኬት ይሰጠው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቮልት ብዙ ጊዜ ከልኩ ውጭ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያለውን ልጅ መብራት ሲጠፋ ሞደሙን እንዲነቅል፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንዲሰካ አስተምሪው። ከቻሉ ዩፒኤስ ይግዙ። በሚሊዮን የሚገመት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያለው ሰው ለዩፒኤስ ሲከራከር ማየት ያናድደኛል፣ ግን መርካቶ ነው፣ ክርክሩ አይቀርም። ጄኔሬተር ከሆነ ሞተሩ ድምፁን እስኪያስተካክል ምንም አይሰካበት፤ ጄኔሬተሩ ራሱም ሱቅ ውስጥ አይነሳ፣ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሳይሸት ይገድላል።

የት እንደምትሰቅዪው ደግሞ ሱቁ ምን እንደሚሸጥ አይተሽ ወስኚ። ጨርቅ ቤት ከሆነ ብናኙ የሞደሙን መተንፈሻ በጥቂት ወር ይደፍነዋል፤ ቦታ ሲጠብባቸውም ጣቃውን በላዩ ይቆልሉበታል። በርበሬ ቤት ከሆነ ዱቄቱ እርጥበት ይስብና ውስጡ ያለውን ሰሌዳ ያበላሸዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ይጋገራል፣ ሌሊት ላብ ይንጠባጠብበታል። በቁመት ልክ፣ ግድግዳ ላይ፣ በሁሉም በኩል አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ኖሮት ይሰቀል፤ ሁለት ዕቃ ካለ አንዱን ባንዱ ላይ አትደርቢ። ሲጸዳ ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ አይደለም። ከጓሮ ምግብ ቤት ካለና የቡታጋዝ ሽታ ከመጣሽ ደግሞ ምንም አትስኪ፣ ምንም አትንቀይ፣ ስልክሽንም እዚያ ቆመሽ አትክፈቺ፤ ውጪና ከውጭ ደውዪ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት ታስታውሻለሽ። መነሻው ምን እንደነበር የመርማሪ ሥራ ነው፤ እኔ የማውቀው መርካቶ ውስጥ የአንድ ሱቅ እሳት በአንድ ሱቅ እንደማይቀር ነው። ስለዚህ ስትገቢ ብሬከሩ የት እንዳለ ጠይቂ፣ በዓይንሽም እዪው፤ ዕቃ ተደርድሮበት ከሆነ አስነሺላቸው። ኤሌክትሪክ ከያዘ ነገር የሚነሳ እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ የደረቅ ዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ነው የሚያስፈልገው። 939 ደግሞ ስልክሽ ውስጥ ይኑር።

ፋይበር ሲገባ ይሄ ሁሉ ቀረ ይሉሻል። ግማሹ እውነት ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚጎተተው የፋይበር ኬብል ግን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው የብረት ሽቦ አለው፤ ያ ብረት መብረቅንም የመብራት መስመርንም ይሸከማል፣ ወደ ዕቃው እንዳይደርስ ከውጭ ይቆረጥ። የፋይበሩን ጫፍም በዓይንሽ አትመልከቺው፦ ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖ ሜትር ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ስለማይታይም ዓይንሽን አትጨፍኚም።

በይ አሁን ሞደሙን አስነሺው። ዋናው መሥሪያ ቤት ካለው ጓደኛው ጋር ካልተግባቡ አይገርምሽ። ቤዝባንድ ሞደም ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ አንዱ ጊዜውን ከራሱ ሰዓት፣ ሌላው ከመስመሩ መውሰድ አለበት። ሁለቱም ከራሳቸው እንዲወስዱ ከተደረገ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ዳታው እየተንሸራተተ ይበላሻል፣ ሰውም ሽቦውን ሲወቅስ ይውላል። በአንድ ጥንድ መዳብ በዓለም አቀፉ የኤስኤችዲኤስኤል ደረጃ ፍጥነቱ መጀመሪያ በሴኮንድ እስከ 2.3 ሜጋ ቢት ነበር፣ በኋላ 5.7 ያህል ደረሰ፤ ያ ግን መስመሩ አጭርና ንጹሕ ሲሆን ነው። ምልክቱ ከረብሻው መብለጥ ካለበት ልክ በላይ 6 ዴሲቤል እንኳ ትርፍ ከሌለው ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጊው፤ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ 1 ሜጋ ቢት በየሰዓቱ ከሚወድቅ 2 ይሻላል። ደንበኛው ቁጥሩ ላይ ይከራከርሻል፣ ተከራከሪ። በዚህ መስመር ላይ ተራ ስልክ ጎን ለጎን የሰካ ሰው ካለም ፈልገሽ ንቀዪው፤ ለድምፅ የሚሆነውን ቦታ ዳታው ራሱ ይዞታል፣ እንደ ኤዲኤስኤል ማጋራት አይቻልም።

መስመሩን ለመፈተሽ ሉፕ ለማድረግ፣ ማለትም የተላከው ዳታ ወደ ላኪው እንዲመለስ ለማድረግ፣ ካሰብሽ ከሁለቱም በኩል አስፈቅጂ፤ ቅርንጫፉ ባንክ ከሆነ ገንዘብ ያዥዋ ሰው ፊት ቆማ ሲስተሙ ይሞትባታል። ሉፑን ሳትፈቺ ከሄድሽ ደግሞ መብራቱ ሁሉ ደህና እያሳየ ምንም አያልፍም። ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ባለ ብዙ ጥርስ ኬብል ዕቃው እየሠራ አትንቀዪው፣ መጀመሪያ አጥፊው፤ ብሎኖቹንም አጥብቂ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሪው።

ስትጨርሺ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ቀኑን፣ የምልክቱንና የመዳከሙን ቁጥር፣ ፍጥነቱን፣ ኧርዙ የት እንደታሰረ፣ የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ። በናስትሮ ከሞደሙ ጎን ለጥፊው፣ አንዱን ቅጂ ላንቺ አስቀሪ። ከዚያ ሐጂን «ይፍቀዱልኝና ይህን ላሳይዎት» ብለሽ ልጁንም ጥሪና ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የትኛው እንደሚነቀል በጣቱ ያሳይሽ፤ አንቺ አታሳዪው፣ እሱ ያሳይሽ። ከተሳሳተ እንደገና። ሂሳብሽን የምትቀበዪው ከዚያ በኋላ ነው፤ በቴሌብር ከሆነም መልእክቱ ስልክሽ ላይ መድረሱን ሳታዪ ከሱቁ አትውጪ።